የቤተሰብ የርስት ወረቀት ለወራሾች አይከፋፈል፦ ስለ ጎንደር ውሎች፣ ኑዛዜዎችና የነጋዴ ቤት ደብዳቤዎች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ባለቤቱ ሲያርፍ ከሣጥን ሥር የሚወጣው ጥቅል ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የመሬት ሽያጭ ውል ወይም ግልባጩ፣ የአያት ኑዛዜ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የትውልድ ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት ይገኛል፤ ነጋዴ ቤት ከሆነ ደግሞ በዓረብኛ የተጻፈ ሒሳብ ይጨመራል። አሁን አሁን ወራሾች ይህንን ጥቅል እንደ ዕቃ እየተካፈሉት ነው። አንዱ ኑዛዜውን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፣ አንዷ ውሉን በፍሬም ትሰቅለዋለች፣ ዓረብኛውን የሚያነብ ስለሌለ ይጣላል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ጥቅሉ መበተን የለበትም። ኑዛዜው የሚጠራውን መሬት ድንበር የሚነግረን ውሉ ነው። በውሉ ላይ በዋስነት የተጠራው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረን የትውልድ ሐረጉ ነው። ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት ዘመን የምናገኘው አብሮት ከታሠረው ወረቀት ነው። አንዱ ሲወጣ የቀሩት ግማሽ ዲዳ ይሆናሉ። የምታውቁ ሰዎች፣ እንዲህ ያሉ ሰነዶች እንዴት እንደሚነበቡ፣ ዘመናቸው እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚጠበቁ በዝርዝር ጻፉልን። የመልሶቹን ፍሬ ነገር ከነቁጥራቸው ከታች እየጨመርኩ እሄዳለሁ።

መልሶቹ

መልስ 1 ምስጋና አቅርቦ ወደ ጥበቃው ገባ። ጥቅሉ ከመፈታቱ በፊት እንደታሠረ ፎቶ ይነሣ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቅጠል ፊቱም ጀርባውም ከማስመሪያ ጋር ይነሣ፣ ቁጥሩም በሣጥኑ ውስጥ በነበረው ተራ ይሰጥ ብሏል። ላሚኔት ማድረግን አጥብቆ ይከለክላል፤ ብራና ቆዳ ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ፕላስተር መለጠፍም እንዲሁ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። የሀገሩ ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ ስለሚዘጋጅ በብራናው ገጽ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ስለዚህ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርግ ሰው ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የደበዘዘ ፊደል ላይ በእስኪሪፕቶ መድገም ደግሞ ሰነዱን ከማጥፋት አይለይም። ማስቀመጫው ንጹሕ የካርቶን ሣጥን ይሁን፣ ጠፍጣፋ ተደርጎ፣ ከግድግዳና ከወለል ራቅ ብሎ፤ በጎንደር ክረምት ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ብራና ይሻግታል።

መልስ 2 ስለ ዘመን ቆጠራ ነው፤ ለኔ የዚህ ውይይት ምርጥ መልስ ይህ ነው። የጎንደር ዘመን ውል ብዙ ጊዜ ዓመቱን በቁጥር አይጽፍም፤ የንጉሡን ስም፣ ወንጌላዊውን፣ ወሩንና ዕለቱን ይጽፋል። መላሹ ምሳሌ ሠርቶ አሳየ። ውሉ በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት 12 ቀን በዕለተ ሐሙስ ቢል፣ ኢዮአስ የነገሡት ከ1747 እስከ 1761 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ሲያካፍሉ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከሆነ ዮሐንስ ነው (ዓመተ ዓለም የሚባለው ዓመተ ምሕረቱ 5500 ሲደመርበት ነው፤ 5500 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል መደመሩ ለዚህ አያስፈልግም)። ስለዚህ ማርቆስ የሚውለው በ1750፣ በ1754 እና በ1758 ብቻ ነው። ከሦስቱ ለመለየት የዕለቱ ስሌት ይመጣል፤ ዓመተ ዓለሙን ከመጠነ ራብዒቱ (ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ ከሚገኘው ሙሉ ቁጥር) ጋር ደምሮ ለ7 ማካፈል። ለ1750 ዓመተ ዓለሙ 7250፣ መጠነ ራብዒቱ 1812፣ ድምሩ 9062፣ ለ7 ሲካፈል የሚቀረው 4 ነው። ቀሪው 0 ሲሆን መስከረም 1 ሰኞ፣ 1 ሲሆን ማክሰኞ እያለ ስለሚሄድ፣ 4 ዓርብ ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከዋለ ጥቅምት 12 ሐሙስ ይውላል። በ1754 ማክሰኞ፣ በ1758 እሑድ ይሆናል። ስለዚህ ውሉ የ1750 ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው በጣቱ የሚሠራውን ሒሳብ እንዲህ አፍታቶ ያስቀመጠ ሰው ይመስገን።

መልስ 3 ሒሳቡን አጽድቆ ሦስት ማስጠንቀቂያ ጨመረበት። አንደኛ፣ ኢዮአስ የነገሡት በሰኔ ነው፤ ስለዚህ በነገሡ በመጀመሪያው ዓመት የሚለው ቃል የ1747ን ሉቃስ ወይም የ1748ን ዮሐንስ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ በዘመነ መሳፍንት አንድ ንጉሥ ወርዶ ተመልሶ ይነግሣል። ተክለ ጊዮርጊስ ደጋግመው ስለነገሡ የሳቸውን ስም ብቻ ይዞ ዘመን ማውጣት አይቻልም፤ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚጠራው ራስ ማን እንደሆነ ማየት ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ በጥንት ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት የተባለው ሁልጊዜ የዛሬው አይደለም፤ በየ532 ዓመቱ ቁጥሩን እንደገና ከአንድ የሚጀምረውን ዐቢይ ቀመር የሚከተል ጸሐፊ አለና ቁጥሩ አነስ ብሎ ሲገኝ ተሳስቷል ተብሎ አይታረም።

መልስ 4 እና 5 ተያይዘው የውሉን አካላት ዘረዘሩ። የተለመደው አጻጻፍ የነጋሢውንና የባለሥልጣናቱን ስም ያስቀድማል፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን አለቃና ሹማምንት፣ ከዚያ ሻጭ፣ ገዥ፣ የመሬቱ ስምና አዋሳኞቹ፣ ዋጋው፣ ዋሱ፣ እማኞቹ፣ በመጨረሻም ውሉን በሚያፈርስ ላይ የሚወርደው ግዝት፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ተብሎ። መልስ 5 ያከለው ነገር ትልቅ ነው፤ ብዙ አንባቢ የሻጭንና የገዥን ስም አንብቦ ይተወዋል፣ ውሉን ያቆመው ግን ዋሱ ነው። የሻጭ ዘመዶች ርስታችን ነው ብለው ሲነሡ ገዥው የሚይዘው ዋሱን ነው። ስለዚህ የዋሱና የእማኞቹ ስም ከነማዕረጋቸው አንድም ሳይቀር ይገልበጥ፤ አንድ ሰው በአንዱ ውል ዋስ፣ በሌላው ገዥ ሆኖ ሲገኝ የሰፈሩ ዝምድና ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

መልስ 6 ሴቶች ርስት የሚይዙት በባላቸው በኩል ብቻ ነበር አለ። መልስ 7 ቆጣ ብሎ ነው የመለሰው። በአማራው የርስት ሥርዓት ልጅ ከአባትም ከእናትም ወገን ይወርሳል፤ በጎንደር ውሎች ሴት በስሟ ስትሸጥ፣ ስትገዛ፣ ስትከሰስና ስትከስ እየታየ እንዲህ ማለት ሰነዱን ሳያነቡ መናገር ነው ብሎታል። የቁስቋምን ደብር የተከሉትና መሬት የሰጡት እቴጌ ምንትዋብ መሆናቸውንም አስታወሰው። ቃሉ ጠንከር ብሏል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው፤ በተለይ ለገልባጮች። ወይዘሮ የሚለው ደብዝዞ ሲያገኙት በግምት የወንድ ማዕረግ የሚያስገቡ አሉና።

መልስ 8 ስለ ሪም ጻፈ፣ እኔም ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም በጎንደር አካባቢ ያለውን ውል ያለዚህ መረዳት አይቻልም። ሪም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተመደበ መሬት ነው። ባለ ሪሙ ካህን ወይም ደብተራ ከሆነ ራሱ ይቀድሳል ወይም ይቆማል፤ ባላባት ወይም ወይዘሮ ከሆነች በእሷ ፈንታ የሚያገለግል ሰው ታቆማለች። አገልግሎቱ እስካልተቋረጠ ድረስ መሬቱ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ በኑዛዜ ይሰጣል። ስለዚህ መሬት ሲሸጥ አገልግሎቱም አብሮ ይተላለፋል፤ ውሉም በዚያው ደብር ትልቅ መጽሐፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ቤተሰብ እጅ ያለው ብዙውን ጊዜ ግልባጭ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ የደብሩ ይጸናል፣ ግን የቤተሰቡ ግልባጭ ከደብሩ የጠፋ መስመር ይዞ ሊገኝ ይችላል። በዚሁ መልስ ጉልትን ከርስት ጋር ለሚያደባልቁ አጭር መስመር አለ፤ ባለ ጉልት ግብር ይቀበላል፣ ባለ ርስት መሬቱን ይዞ ለልጅ ያወርሳል፣ በአንድ መሬት ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ።

መልስ 9 ስለ ዋጋ ነው። በውሎቹ ላይ ወርቅ በወቄት፣ ጨው በአሞሌ፣ በኋላም ብር ይገኛል። ብሩ የማሪያ ቴሬዛ ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከዚህም ከ10 እጅ 8 የሚበልጠው ንጹሕ ብር። ገንዘቡ ላይ ያለው 1780 የአውሮፓ ዓመት ለዘመን መለያ አይረዳም፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። መላሹ በተጨማሪ የግእዝ አኃዝ ሲገለበጥ ፮ እና ፯ እንዳይምታቱ፣ ከላይና ከታች ያለው ጭረትም ከቁጥሩ አካል ጋር እንዳይቆጠር አሳሰበ።

መልስ 10 የተፋቀ ጽሑፍን ለመለየት አጭር ጠቃሚ ተግባር ጨመረ። ብራናውን በጨለማ ክፍል አስቀምጦ ባትሪ ከጎን፣ ከገጹ ጋር ሊተካከል ጥቂት በቀረው ዝቅታ ማብራት። የተፋቀ ቦታ ካለ ቆዳው ሻካራ ሆኖ ፀጉር መሰል ነገር ያወጣል፣ በላዩ የተጻፈው ቀለምም ዳር ዳሩ ይፈስሳል። በብዛት የሚፋቀው ዋጋው፣ የገዥው ስምና የአዋሳኙ ስም ነው። ሌላው መስመር ለስላሳ ሆኖ የገዥው ስም ያረፈበት ብቻ ሻካራ ከሆነ በኋላ የገባ ስም ነው ማለት ነው፤ ማን እንዳስገባው ግን ብራናው ብቻውን አይናገርም።

መልስ 11 የመክፈቻውን አቋም ተቃወመ። በሕግ ወራሾች እኩል መብት እያላቸው አንዱ ሁሉንም ይያዝ ማለት አዲስ ጠብ መጥራት ነው፣ ጠባቂ የተባለው ሰው ራሱ ሊሸጠው ይችላል አለ። ተገቢ ስጋት ነው። መውጫውንም ራሱ ጠቆመ፦ የሰነዶቹ ዝርዝር በቁጥር፣ በመጠን፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ ቃላቸው ይጻፍ፤ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙበት፤ ዋናው በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ወራሽ ሙሉ ፎቶ ይሰጠው። ጠባቂው አንድም ቅጠል ያለ ሁሉም ፈቃድ እንዳያወጣ በዚያው ይጻፍ። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ከርእሱ ወጡ። መልስ 12 የጎንደር አድባራት መጻሕፍት ለንደን ስላሉ እዚህ መድከም ከንቱ ነው አለ። መልስ 13 መጻሕፍቱን ከጎንደር ያወጧቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ናቸው ብሎ ነገሩን አጋጋለው። መልስ 14 ንጉሡ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ሰበሰቡ እንጂ ከሀገር አላወጡም፣ ሁለቱን ማስተካከል ነውር ነው ብሎ ስድብ አከል ቃል ጣለ። መልስ 15 ነገሩን በዘመን አስተካከለው፦ በ1859 የቴዎድሮስ ጦር ጎንደርን ዘረፈ፤ በ1860 ሚያዝያ እንግሊዞች መቅደላን ይዘው መጻሕፍቱን ወሰዱ፣ ከ350 ያህሉ የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ በ1880 ደግሞ ደርቡሾች ከተማዋን አቃጠሉ። ከዚያ ወደ ሥራው መለሰን። ለንደን ካሉት አንዳንዶቹ በፎቶ ተነሥተው በድረ ገጽ ይታያሉ፤ ቤተሰቡ እጅ ያለውን ግልባጭ ከነሱ ኅዳግ ጋር ማስተያየት ይቻላል። መጻሕፍቱ ይመለሱ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ልቤም ከሚሉት ጋር ነው፤ ሆኖም ዛሬ በሣጥን ያለው ወረቀት እስኪመለሱ ድረስ አይቆይም።

መልስ 16 ስለ ኑዛዜ። አባት ናቸው መሰል፣ በረጋ ቃል ነው የጻፉት። የቆየ ኑዛዜ የነፍስ አባት ባሉበት፣ ሽማግሎች ተሰብስበው ይነገራል። መጀመሪያ ዕዳው ይቆጠራል፤ ለማን ስንት እንዳለበት፣ ከማን ስንት እንዳለው። ቀጥሎ ለነፍሱ የተወው፣ የቀብሩና የተዝካሩ ወጪ፣ ለደብሩ የሚሰጠው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ነው የልጆች ድርሻ የሚመጣው። ይህን ተራ የሚያውቅ ሰው የጎደለ ቅጠል መኖሩን ወዲያው ያያል፤ ኑዛዜው ከልጆች ድርሻ ከጀመረ ፊተኛው ቅጠል ወጥቷል ማለት ነው፣ በእማኞች ስም ካልዘጋ ደግሞ መጨረሻው። ቤተሰብ ሲጣላ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የዕዳው ቅጠል መሆኑንም እሳቸው አነሡ።

መልስ 17 በውሉ መሬታችንን እናስመልስ ይሆን ብሎ በተስፋ ጠየቀ። መልስ 18 ሳያለሳልስ መለሰለት። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከግል እጅ ወጥቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይህን እያወቁ በጥንት ውል መሬት እናስመልሳለን እያሉ ከቤተሰብ ገንዘብ የሚቀበሉ ጉዳይ ገዳዮች አሉና ተጠንቀቁ አለ። ጥቅሉ ውስጥ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወዲህ የተጻፈ ኑዛዜ ከተገኘ ግን ሌላ ነገር ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በቁጥር 881 መሠረት በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡም በጽሑፉ መጠቀስ፣ ቀን መያዝና ወዲያው መፈረም አለበት፤ አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ 2 ይበቃሉ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ፊርማ ጎድሎ አይደለም፤ መነበቡን የሚገልጸው አንድ መስመር ስለሚረሳ ነው። ቀን የሌላቸውን የግብር ደረሰኞች ዘመን ለመገመትም መንገድ ሰጠ፦ የትምህርት ግብር ከተጠቀሰበት ከ1940 ወዲህ፣ የጤና ግብርም ካለበት ከ1951 ወዲህ ነው፤ አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር የመጣው በ1960 ግድም ነው።

መልስ 19 በአያት ኑዛዜ ውስጥ ባሪያዎች በስም ተጠቅሰው ሲገኙ ያ ቅጠል ባይታይ ይሻላል፣ የቤተሰብ ገመና ነው አለ። መልስ 20 በውይይቱ ውስጥ እጅግ የተቆጣው ነው። እነዚያ ሰዎች በዓለም ላይ ስማቸው የተጻፈበት ብቸኛ ወረቀት ያ ሊሆን ይችላል፤ ነፃ የወጡም ከሆነ ነፃነታቸውን የሚመሰክረው እሱ ነው፤ ለባለ ርስቱ ክብር ሲባል ሁለተኛ ጊዜ ማጥፋት ግፍ ነው አለ። መልስ 20 ልክ ነው፣ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ዛሬ በሕይወት ያሉ ዘሮችን ስም በአደባባይ አለመለጠፍ አንድ ነገር ነው፤ ቅጠሉን መደበቅ ሌላ ነው።

መልስ 21 በዚያው ትኩሳት ጥቅሉን ለሚገዛ ቱሪስት መሸጥስ ብሎ ጠየቀ፣ ወዲያው ተመለሰለት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ማስረከብ ወይም ማስቀዳት የሚፈልግ ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) መሄድ ይችላል።

መልስ 22 የነጋዴ ቤቱን ወረቀት ያነሣ ብቸኛ ሰው ነው፤ የጎንደርን የሙስሊም ሰፈር አዲስ ዓለምን የሚያውቅ መሆኑ ከቃሉ ያስታውቃል። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ለብቻ ሰፈር እንዲይዙ ካዘዙ ወዲህ በቀሃ ወንዝ በኩል ያለው ሰፈር የሲራራ ነጋዴው መኖሪያ ሆነ። ነጋዴው በአንድ ወገን ወደ ምጽዋ፣ በሌላው ወደ መተማና ስናር ይሄዳል። ወረቀቱ የመሬት ውል አይመስልም፤ አጭር ነው፣ የአደራ ዕቃውን፣ የሸሪኩን ስምና የትርፍ ክፍፍሉን ይዟል። ወርቅ በሚዛን፣ ዝባድ በቀንድ ተሞልቶ፣ የዝሆን ጥርስ በፍሬ ይጻፋል። የቀኑ ቁጥር ሂጅራ ነው፤ የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በቀጥታ መቀነስ አያስኬድም። ለመነሻ እንዲሆን 1250 ዓመተ ሂጅራ የገባው በ1826 ዓ.ም. ግንቦት ነው፤ ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም በየ33 የሂጅራ ዓመት 32 የኛን እየቆጠሩ መሄድ ይቻላል።

መልስ 23 ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥቶ ብርሃን እንዲያልፍበት ማየትን ጨመረ። በቀይ ባሕር በኩል የገባው ወረቀት ብዙ ጊዜ በውስጡ ሦስት ተከታታይ ጨረቃ ይታይበታል፤ ለቱርክ ግዛት ገበያ ተብሎ ጣልያን ሀገር ይሠራ የነበረ ነው። ምልክቱ ተቆርጦ በሁለት ቅጠል ሊከፈል ስለሚችል የታጠፉ ወረቀቶች ከመለየታቸው በፊት ይታዩ፤ ሁለት ግማሽ ጨረቃዎች ከገጠሙ ሁለቱ ደብዳቤዎች ከአንድ ወረቀት የተቆረጡ ናቸውና አንደኛው ቀን ካለው ሌላውም ከዚያ ብዙም አይርቅም።